ሳጥን ውስጥ አልገባ ያለው ስም

ባለፈው ሰሞን አራት ሆነን አንድ ላፕቶፕ ከበን ተቀመጥን። ቦታው ፒያሳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት ጠባብ ቡና ቤት ውስጥ ነው። ሥራችን ቀላል ይመስል ነበር። ከመካከላችን አንዱ ከባልደረቦቹ ጋር የሠራውን የመመዝገቢያ ቅጽ ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት በእጃችን እንድንፈትሽለት ለምኖናል። በእጅ መፈተሽ ማለት እንደ ማንኛውም ተገልጋይ ቁጭ ብሎ፣ በገዛ ጣት እየጻፉ፣ እየሰረዙ፣ እየቀዱ፣ እየለጠፉ ነገሩ የት ላይ እንደሚሰበር ማየት ነው። ለመፈተሽ የተሰጠን ደግሞ አንድ ባዶ ሳጥን ብቻ ናት። ከላይዋ «ሙሉ ስም» ይላል።

«ይህቺማ የአንድ ማኪያቶ ሥራ ናት» አልን። ሦስት ማኪያቶ ፈጀች።

መጀመሪያ «አበበ» ብለን ጻፍን፤ ገባ። «ጫልቱ» አልን፤ ገባ። ከዚያ አንዳችን የአያቱን ስም ጻፈ፤ «ገብረእግዚአብሔር»። ሳጥኗ ተቀበለች፣ «ተመዝግቧል» አለች፣ አመሰገነችንም። መዝገቡን ከፍተን ስናይ ግን የተቀመጠው «ገብረእግዚ» የሚል ነው። ከጫፉ ላይ ደግሞ የጥያቄ ምልክት ያለባት ጥቁር አልማዝ ተለጥፋለች። ግዕዝ ለሚያውቅ ሰው ቀልዱ መራራ ነው። «እግዚአ ብሔር» ማለት የአገር ጌታ ማለት ነው። ሳጥኗ ጌታውን አጋምሳ አገሩን ቆርጣ ጣለችው።

ሳቅን። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። ምክንያቱም ከአራታችን አንዱ በትምህርት ማስረጃው ላይ ያለው የአባቱ ስም ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር በአንድ ፊደል ስለተለያየ፣ «እኔ እኔ ነኝ» ብሎ ለማሳመን ወራት ተመላልሷል። የተቆረጠ ስም ማሽኑ ውስጥ ስህተት ነው፤ ከማሽኑ ሲወጣ ግን ሰው ነው የሚንከራተተው።

የነገሩ ምስጢር ይህ ነው። ጓደኛችን ሳጥኗን ሲሠራ 20 ባይት ቦታ ሰጥቷታል። በዩቲኤፍ-8 አንድ ተራ የላቲን ፊደል 1 ባይት ይይዛል፤ የእኛ ፊደል አንዱ 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ በ20 ባይት ውስጥ ለእንግሊዝኛ 20 ፊደል ሲገባ ለአማርኛ የሚገባው 6 ፊደልና የሰባተኛው ቁራጭ ነው። «ገብረእግዚአብሔር» 10 ፊደል፣ 30 ባይት ነው። ጥቁሯ አልማዝ ከ«አ» ተቆርጣ የቀረች 2 ባይት ነበረች። ኮምፒውተሩ ክፋት የለበትም፤ የታዘዘውን ቆጠረ። ያዘዘው ልጅ ግን (የሠራተኛ ሰፈር ልጅ ነው፣ የአያቱ ስም ደግሞ ከዚህም ይረዝማል) ቦታውን ሲለካ በልቡ የነበረው ስም «ጆን» ነው።

እንዴት እዚህ ደረስን? ነገሩ ከኮምፒውተር ይቀድማል።

ብዕር የሚሞከርበት ቅጠል

የድሮ የብራና መጽሐፍ ገልጦ ያየ ሰው፣ ከመጀመሪያው ወይም ከመጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ ብዙ ጊዜ የማይያያዙ ፊደላትና የተደጋገሙ ቃላት ያገኛል። ጸሐፊው ብዕሩን ሲሞክር ነው። መቃው ቀለሙን በልኩ ያወርዳል? ብራናውስ ይጠጣል? ይህ በአገራችን የጽሑፍ ቦታን በእጅ የመፈተሽ ጥንታዊ ልማድ ነው ብንል ብዙ አላጋነንም።

ጸሐፊው ከመጻፉ በፊት የቆዳውን ጠርዝ በወስፌ እየወጋ መስመርና ዓምድ ያወጣል። ሲሳሳት በቢላ ፍቆ በላዩ ይጽፋል። የዘለለው ቃል ካለ ከመስመሩ በላይ በደቃቅ ፊደል ያስገባዋል። ቃሉ መስመሩ ላይ ካላለቀለት ከመካከሉ ከፍሎ ወደሚቀጥለው መስመር ያሻግረዋል። መሰረዝ፣ ማስገባት፣ መስመር መቀየር፤ ዛሬ እኛ ሳጥኗ ላይ የፈተሽነው ሁሉ ያኔም ነበር። አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። ሳጥኑን የሚያሰምረውና በውስጡ የሚጽፈው ያው የአንድ ባህል ሰው ነበር፤ ልኩን የሚወስደው ከፊደሉ ነው።

ለቃሚዎቹ

ፊደላችን መጀመሪያ በማተሚያ መኪና የታተመው እዚህ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ሮም ውስጥ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። ያስተማሩት በዚያው በሮም ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ናቸው። እሱ ግን ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ ጠራው። የመጀመሪያው የቴክኖሎጂ ገጠመኛችን ከነስህተቱ እንዲህ ተጀመረ።

ወደ አራዳ እንመለስ። ዛሬ ፒያሳ የምንለው አካባቢ በምኒልክ ዘመን የከተማዋ ዋና ገበያ ነበር። ጣልያን ገበያውን ወደ ምዕራብ ገፍቶ የዛሬውን መርካቶ እስኪያቋቁም ድረስ አዲስ አበቤ የሚሸጠውንም ወሬውንም ይዞ የሚመጣው እዚህ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ካቫዲያስ የተባለ ግሪካዊ በዚችው ከተማ «አእምሮ» የተባለውን ጋዜጣ ሲጀምር፣ ጋዜጣው በእጅ እየተገለበጠ በ24 ቅጂ ነበር የሚወጣው። ፊደል ነበረ፣ ወሬ ነበረ፣ አንባቢም ነበረ፤ የጎደለው ማሽኑ ነው።

በ1914 ዓ.ም ራስ ተፈሪ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን አቋቋሙ። ከዚያ ወዲያ በከተማችን አንድ አዲስ ሙያ እየበረከተ መጣ፤ ፊደል ለቃሚ። ለቃሚው ከፊቱ ከተደረደሩት ጎጆዎች የእርሳስ ፊደላትን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ ግልባጩን እያነበበ፣ ቃል በቃል ይደረድራል። የላቲን ለቃሚ ትልቁንም ትንሹንም ቢደምር የሚለቅመው ከ52 ፊደል ነው። የእኛው ለቃሚ 33ቱን በ7 ሲያባዛ 231 ይሆንበታል፤ ዲቃሎቹ፣ የግዕዝ ቁጥሮቹ፣ ነጥቦቹ ሳይቆጠሩ። ሥራው አድካሚ ነው፤ ነገር ግን ልብ እንበል፣ ቦታ ጠበበ ተብሎ ፊደል አልተጣለም። ጎጆ ተጨመረ እንጂ።

አንድ ፊደል፣ ሁለት ምት

ፈተናው የመጣው ከጽሕፈት መኪና ጋር ነው። ተራ የጽሕፈት መኪና 40 ከምናምን ቁልፍ አለው፤ እያንዳንዱ ሁለት ምልክት ቢመታ ድምሩ 90 ገደማ ነው። ከ231 በላይ የሆነ ፊደል በየት ይገባል?

ከጣልያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ኢንጂነር አያና ብሩ መልስ አበጁለት። ፊደሉን በሁለት ከፈሉት፤ መነሻው አካል ለብቻ፣ እግሩና ቀለበቱ ለብቻ። ጸሐፊዋ መጀመሪያ አካሉን ትመታለች፣ ከዚያ ቅጥያውን ትደርብበታለች። «ሉ» ለመጻፍ «ለ» ይመታል፣ ቀጥሎ የጎን ቅጥያው ይጨመራል። ብልሃቱ ድንቅ ነው፤ የጽሕፈት መኪና አማርኛ ያወራው በዚህ ነው። ዋጋው ግን በመልኩ ተከፈለ። ቅጥያው ለሁሉም አንድ ስለሆነ አንዳንዱ ፊደል እግሩ ሳይገጥም፣ ቀለበቱ ተንጠልጥሎ ይወጣል። የድሮ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያየ ሰው ያንን መልክ አይረሳውም።

ከዚያ ወዲህ ለአሥርታት የዘለቀ ክርክር አለ። አንዱ ወገን «ፊደሉ በዝቷል፣ ሞክሼዎቹ ይቀነሱ፣ ቅርጹም ይሻሻል» ይላል። ሌላው «ቅርስ ነው፣ አትንኩት» ይላል። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። እኛን የገረመን ግን የጥያቄው አቅጣጫ ነው። ጥያቄው ብዙ ጊዜ «ፊደሉ ማሽኑን እንዲመስል ምን እናድርግ?» የሚል ነበር። «ማሽኑ ፊደሉን እንዲመስል ምን እናድርግ?» የሚለው ጠያቂ ጥቂት ነው። በእርግጥ ያኔ አቅሙም አልነበረም፤ አያና ብሩን የምናደንቀውም በነበራቸው አቅም የሚሠራ ነገር ስላወጡ ነው።

«በምን ተጻፈ?»

ከማዘጋጃ ቤት ወረድ ብሎ፣ በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ፣ በየኮፒ ቤቱ የተቀመጡ ጸሐፊዎችን ታስታውሳላችሁ። መጀመሪያ የጽሕፈት መኪናና ካርቦን ይዘው፣ በኋላ ኮምፒውተር ይዘው፣ ማመልከቻ፣ ውል፣ ሲቪ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ይመታሉ። እኛም የመመረቂያ ጽሑፋችንን እዚያ አስመትተናል፤ በገጽ እየተከፈለ።

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ) ኮምፒውተር ሲስፋፋ «አጋፋሪ»፣ «ብራና»፣ «ፓወር ግዕዝ»፣ «ቪዥዋል ግዕዝ» የሚባሉ ሶፍትዌሮች ተራ በተራ መጡ። ችግሩ የጽሕፈት መኪናው ታናሽ ወንድም ነበር። የዚያን ጊዜ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 256 ምልክት ነው፤ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለኮምፒውተሩ የራሱ ጉዳይ ይያዛል። ስለዚህ ፊደሉን በሁለት ፎንት ማከፋፈል ወይም እንደ አያና ብሩ አካልና ቅጥያ መለየት ግድ ሆነ። ከሁሉ የባሰው ግን፣ ፊደሉ ውስጥ ለውስጥ የተቀመጠው በላቲን ቁጥር መሆኑ ነው። ስክሪኑ ላይ «ሰላም» ቢልም ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ምልክት ነው፤ ፎንቱ የሚያለብሰው ካባ ብቻ ነው። ካባው ሲወልቅ ጽሑፉ ዝብርቅርቅ ይላል። የአንዱ ሶፍትዌር ካባ ደግሞ ለሌላው አይሆንም።

የኮፒ ቤት ጸሐፊዎች ይህንን ማንም ሳያስተምራቸው ነው የተማሩት። ፍላሻችሁን ስትሰጧቸው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «በምን ተጻፈ?» ነው። አንዳንዶቹ ዝብርቅርቁን በዓይናቸው አይተው «ይሄ ፓወር ግዕዝ ነው» ይሏችኋል። የአማርኛ ሶፍትዌር ፈታሾች እነሱ ነበሩ። ግን የፈታሽ ደመወዝ የከፈላቸው፣ ያዩትን ስህተት የመዘገበላቸው አልነበረም። ስህተት ሲያገኙ መላ ይፈጥራሉ፤ መላው ይለመዳል። የአራት ነጥብ ቁልፍ የት እንዳለ ሲጠፋ ሁለት ሁለት ነጥብ ደርቦ መምታት እንዲያ ነው የተለመደው። እስከ ዛሬ ብዙዎቻችን እንዲያው ነው የምንጽፈው።

ቁጥር ያገኘው «ሀ»

በዚያው ዘመን ባሕር ማዶ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሌላ ትግል ይዘው ነበር። እነ ፍስሐ አጥላውና እነ ዶክተር አበራ ሞላ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ግዕዝን በኮምፒውተር መጻፊያ አዘጋጅተዋል። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ደግሞ አማርኛን በላቲን ቁልፎች የመጻፊያ ሥርዓት፣ «ሴራ» የተባለውን፣ አወጡ፤ በእሱ ትንሹ ቲ «ተ»፣ ትልቁ ቲ «ጠ» ነው። ዛሬ ስልካችን ላይ በድምፁ የምንጽፍባቸው ብዙ ኪቦርዶች የዚህ ዘር አለባቸው።

ከዚያ እ.ኤ.አ በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ግዕዝን አካተተ። ይህ ቀን ከሚገባው በታች ነው የሚወራለት። ከዚያ ጀምሮ «ሀ» በዓለም ላይ የራሱ ቁጥር አለው፤ በኮምፒውተር አቆጣጠር 1200። የላቲን ካባ ደርቦ አይደለም፤ በገዛ ስሙ ነው። «ሉ» ሁለት ምት አይደለም፣ አንድ ፊደል ነው። በ1914 ዓ.ም ለለቃሚው እንደተሠራው ጎጆ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል ጎጆ ተሠራለት።

ጎጆው ቢሠራም እንግዳው ቶሎ አልገባም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ) ፒያሳ ኢንተርኔት ካፌ ገብታችሁ የአማርኛ ገጽ የከፈታችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ። ገጹ ሙሉ ሳጥን በሳጥን ይሆናል። ፊደሉ ቁጥር አለው፣ ፎንቱ የለም። እ.ኤ.አ በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለውን ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ ሲመጣ ነው ሳጥኖቹ ከየካፌው እየጠፉ የሄዱት። እኛ ግን በመካከሉ «ሰላም ነው» የሚለውን በላቲን መጻፍ ለምደን ነበር። ስልኩም አላገዘንም፤ አንድ አጭር መልእክት በላቲን 160 ፊደል ሲይዝ በአማርኛ የሚይዘው 70 ነው። በገዛ ፊደሉ የጻፈ ሰው ከግማሽ በታች ቦታ ይሰጠዋል፣ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠርበታል።

ሦስተኛው ማኪያቶ

ይህንን ሁሉ እያወራን ሳጥኗን መፈተሻችንን ቀጠልን። ያገኘነውን እንዘርዝር፤ ቅጽ የምትሠሩ ካላችሁ እንድትሞክሩት።

አንደኛ፣ «ሰላም» ጻፉና የመሰረዣውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ብቻ ንኩ። «ሰላ» ከቀረ ደግ ነው። አንዳንድ ኪቦርድ ግን የመጨረሻውን ፊደል ሳይሆን የመጨረሻውን ምት ይሰርዛል፤ «ላ» ወደ «ል» ይመለሳል። የትኛውም ይሁን፣ አንድ ዓይነት ይሁን። የእኛዋ ሳጥን መሀል ላይ አንዱን፣ መጨረሻ ላይ ሌላውን ታደርግ ነበር።

ሁለተኛ፣ ከአሮጌ ፋይል ስም ቀድታችሁ ለጥፉ። በድሮው ሶፍትዌር የተጻፈ ከሆነ ዝብርቅርቁ ላቲን ይገባል፤ ሳጥኗም ምንም ሳትጠይቅ «ተመዝግቧል» ትላለች። ኮፒ ቤት ያለችው ጸሐፊ ብትሆን «በምን ተጻፈ?» ትል ነበር።

ሦስተኛ፣ «ገ/እግዚአብሔር» ብላችሁ ጻፉ። አባቶቻችን ረጅም ስም የሚያሳጥሩት በዚህች ሰያፍ መስመር ነው። ሳጥኗ ግን «ልዩ ምልክት አይፈቀድም» አለችን። እንግዲህ ሙሉውን ስንጽፍ ትቆርጣለች፣ አሳጥረን ስንጽፍ ትቆጣለች።

አራተኛ፣ ፈልጉ። «ኃይሉ» ብላችሁ መዝግቡና «ሀይሉ» ብላችሁ ፈልጉት። የለም ትላለች። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ በንግግራችን አንድ ድምፅ ስለሆኑ ኃይሉን በ6 መንገድ መጻፍ ይቻላል። «ፀሐይ» ደግሞ በሁለቱ ጸ ሲባዛ በ12 መንገድ ትወጣለች። ለሰው ሁሉም አንድ ሰው ነው። ለማሽኑ 12 ሰው ነው።

አምስተኛ፣ ከስሙ ቀጥሎ የልደት ቀን ሳጥን ካለ «ጳጉሜን 3» ብላችሁ ሞክሩ። አሥራ ሦስተኛ ወር የማያውቅ ቅጽ ስንቱን ልጅ ነሐሴ ወይም መስከረም ላይ እንደሚያስወልድ አስቡት።

ጓደኛችን ዝርዝሩን ሲያይ መጀመሪያ ያለው «ታዲያ በእንግሊዝኛ ብቻ ይጻፍ አናደርገውም?» ነው። ክፋት አይደለም፣ ድካም ነው። ግን ይህ አያና ብሩ እምቢ ያሉት መልስ ነው። እሳቸው 90 ምልክት ብቻ በሚመታ ብረት አማርኛን ሲያስገቡ፣ እኛ ለ«ሀ» ቁጥር ከተሰጠው ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይተን፣ ቦታ እንደ ልብ በሆነበት ዘመን፣ «አይገባም» የምንልበት ምክንያት ምንድን ነው? በጽሕፈት መኪናው ዘመን ሰበቡ ብረት ነበር። በፓወር ግዕዝ ዘመን ሰበቡ 256 ነበር። ዛሬ የቀረው ሰበብ አለመሞከር ብቻ ነው።

ደግሞም የዛሬው ሳጥን እንደ ትናንቱ አይደለም። ድሮ በስህተት የተመታ ማመልከቻ ተቀድዶ እንደገና ይመታል፤ ጉዳቱ አንድ ወረቀት ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ እ.ኤ.አ በ2023 ከወጣ ወዲህ፣ ፋይዳ ከባንኩም ከስልኩም ጋር እየተያያዘ ሲመጣ፣ አንድ ሳጥን ላይ የገባ ስም አሥር መዝገብ ውስጥ ይባዛል። ተቆርጦ ከገባ አሥር ቦታ ተቆርጦ ይኖራል።

ከቡና ቤቷ ስንወጣ ያ አካባቢ እንደ ድሮው አይደለም። እ.ኤ.አ በ2024 በኮሪደር ልማቱ የፈረሱት የፒያሳ ሰፈሮች የት እንደነበሩ ለማስታወስ ቆም ማለት ይጠይቃል። ዶሮ ማነቂያን የሚያውቅ ያውቀዋል። የመመረቂያ ጽሑፋችንን ያስመታንባት ኮፒ ቤት የለችም። ጸሐፊዋ የት እንደሄደች አናውቅም። ዝብርቅርቅ ጽሑፍ አይታ በምን እንደተጻፈ የምትናገር ሴት የምታውቀውን ሁሉ ይዛ ሄደች፤ እኛም እሷ በደቂቃ የምታየውን ለማግኘት ሦስት ማኪያቶ ጠጣን።

ጓደኛችን በማግስቱ ደወለ። ሳጥኗ አሁን የምትቆጥረው ባይት ሳይሆን ፊደል ነው፣ ሰያፍ መስመሯም ተፈቅዳለች። «ገብረእግዚአብሔር» ብለን አስገባን፤ ከነአገሩ ገባ። ኃይሉና ሀይሉ ግን እስካሁን አልተዋወቁም፤ እየሠራበት ነው። እናንተም የሆነ ቅጽ ላይ «ሙሉ ስም» የሚል ሳጥን ስታገኙ የአያታችሁን ስም ሳትቆርጡ ጻፉበት። ከቆረጠው፣ መላ ፈጥራችሁ አትለፉት፤ ለሠሪው ንገሩት።